ቀልድና ፍቅር በግጥማችን ታሪክ

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚዘልቀው መንገድ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፎ አምቦ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ጉደር፣ ወደ ጌዶና ወደ ባኮ ያመራል። በንጉሡ ዘመን «ሀገረ ሕይወት» ትባል የነበረችው አምቦ በአብዛኛው የምትታወቀው በማዕድን ውኃዋና በፍል ውኃዋ ነው። ይሁን እንጂ ይህ አካባቢ የሁለት ሥነ ቃሎች መገናኛም ነው። አንደኛው የኦሮሞ ወጣቶች የፍቅር ዘፈን ነው፤ በመጀመሪያው ስንኝ ስለ ሣሩ፣ ስለ ወንዙ ወይም ስለ ፈረሱ ይነሣና፣ ቀጣዩ ስንኝ በድምፅ ተመሳስሎ ስለ ልብ ይናገራል። ሁለተኛው በሰምና ወርቅ የሚራቀቀው የአማርኛ ግጥም ነው። ሁለቱም ፍቅርን ፊት ለፊት አይናገሩም፤ ዞር ብለው፣ ፈገግ አሰኝተው ነው የሚያደርሱት።

ስለ ምን ይሆን? ጋብቻ በወላጆች ፈቃድና በሽማግሌ አማካይነት በሚፈጸምበት ኅብረተሰብ ውስጥ «ወደድሁሽ» ብሎ በአደባባይ መናገር ነውር ነበር። ስለዚህም ቀልድ መከለያ ሆነ። ልጅቱ ከተቆጣች ነገሩ ጨዋታ ነበር ይባላል፤ ከሣቀች ግን መልእክቱ ደርሷል ማለት ነው። እርስዋም በተራዋ በግጥም ትመልስለታለች፤ ያላግጥባት የመጣውን ልታላግጥበት ትችላለች። በዚህ ጨዋታ ሴቲቱ ዝም ብላ የምትወደስ ውበት ሳትሆን ተናጋሪ ናት።

ግጥም ከአፍ ወደ ማተሚያ ቤት ሲሸጋገር ግን ይህ ሣቅ በአመዛኙ መንገድ ላይ ቀረ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በነበሩት ዓመታት እንደ ከበደ ሚካኤል ያሉ ታላላቅ ደራስያን ግጥምን በዋናነት ለምክርና ለትምህርት አዋሉት። አገር ገና ቁስሏን ታስታምም ነበርና ምርጫቸው የሚያስወቅስ አይደለም። ነገር ግን «ቁም ነገር» እና «ጨዋታ» ከዚያ ወዲህ እንደ ተቀናቃኞች ይታዩ ጀመር።

የአምቦ አካባቢ ልጅ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በ1928 ዓ.ም. ቦዳ ላይ ከኦሮሞ አባትና ከአማራ እናት ተወልዶ፣ ሁለቱን ቋንቋዎች ከነዜማቸው ሰምቶ አደገ። በ1966 ዓ.ም. የታተመው «እሳት ወይ አበባ» ግን ስሙ እንደሚያመለክተው የሚያቃጥል ግጥም ነው፤ በውስጡ ሐዘንና ታሪክ፣ ትካዜና ቁጣ ይበረታሉ። ሆኖም ጸጋዬ ሣቅን አልናቀም። ከሼክስፒር ጎን ለጎን ሞሊዬርን ወደ አማርኛ ማምጣቱ ይህን ያስረዳል። በግጥሙ ያልሰጠውን ስፍራ በመድረክ ሰጠው ማለት ይቻላል።

ፍቅርንና ፌዝን በአንድ ገበታ ያቀረበው መንግሥቱ ለማ ነበር። «ጠልፎ በኪሴ» እና «ያላቻ ጋብቻ» ስለ ጠለፋና ስለ መደብ ልዩነት እያሣቁ ጠይቀዋል፤ ግጥሞቹም ከሕዝቡ አነጋገር የተቀዱ ነበሩ። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ግን ግጥም ለትግል እንዲሰለፍ ሲጠበቅ፣ የሁለት ሰዎች የግል ጨዋታ እንደ ትርፍ ነገር ተቆጠረ።

በ1985 ዓ.ም. የቅድመ ሕትመት ሳንሱር በሕግ ሲቀር የግጥም መድብሎች በዙ። ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ አፋን ኦሮሞ በቁቤ መጻፍ ሲጀምር ደግሞ የምዕራብ ሸዋ ወጣት ገጣሚ ፍቅሩን በእናቱ ቋንቋ ወረቀት ላይ የሚያሰፍርበት መንገድ ተከፈተለት። በአማርኛው በኩል እንደ በዕውቀቱ ሥዩም ያሉ ገጣሚዎች «ኗሪ አልባ ጎጆዎች»ን በመሳሰሉ መድብሎች አጭር፣ ተጫዋችና ውስጡ የሚያም ግጥምን ለአንባቢ አቅርበዋል። አንዳንድ ሰዎች ይህን ቀላል ሥራ ይሉታል። እኛ ግን ከአዲስ ነገር ይልቅ የቆየ ባሕል መመለስ አድርገን እናየዋለን፤ የጥንቱ ዘፋኝ በገበያ መንገድ ላይ ያደርገው የነበረውን ነውና።

እርግጥ ነው፣ ማላገጥ ሁሉ ግጥም አይደለም። ሴትን መሣቂያ የሚያደርግ ስንኝ ከጥንቱ የመመላለስ ሥርዓት የራቀ ነው፤ የዚያ ጨዋታ ደንቡ እርስዋም መልስ እንዲኖራት ነበርና። የለሰለሰ ቀልድ መለኪያው አፍቃሪው ከሁሉ አስቀድሞ በራሱ ላይ መሣቁ ነው።

ዛሬ ቸል ሊባል የማይገባው ሥራ በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪና በጌዶ ዙሪያ በአረጋውያን አንደበት የሚገኙትን እነዚህን የፍቅር ዘፈኖች በሁለቱም ቋንቋዎች መሰብሰብ ነው። ድምፃቸውና የመላሺቱ ቃል አብሮ ይቀረጽ፤ ጥያቄው ብቻ ተጽፎ መልሱ ከቀረ ግማሹ ግጥም ጠፋ ማለት ነውና። የታሪክ መጻሕፍታችን አባቶቻችን እንዴት እንደ ተዋጉ ይነግሩናል። እንዴት እንደ ተዋደዱ፣ ሲዋደዱም በምን እንደ ሣቁ የሚነግሩን እነዚህ ስንኞች ናቸው።