ስለ ጎባ ከተማ፤ ታሪኳ፣ አነጋገሯና ማንነቷ

በባሌ ደጋ፣ በሳነቴ አምባ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኘው ጎባ፣ ብዙውን ጊዜ «የጦር ሰፈር ነበረች» በሚል አንድ ቃል ብቻ ስትገለጽ ትገኛለች። አባባሉ ሐሰት ባይሆንም ግማሹን ብቻ የሚናገር ነው። ሰፈሩን የተከለው ማን እንደ ሆነ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ሰፈሩ በምን ምክንያት ከተማ ሆኖ እንደ ጸና መመርመር ግን ሌላ ጥናት ይጠይቃል።

ባሌ የሚለው ስም ከከተማዪቱ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ14ኛው መቶ ዓመት የነበረው ዐረባዊው ጸሐፊ አል ዑመሪ፣ ባሌን ከይፋት፣ ከደዋሮና ከሐድያ ጋር ለሐበሻ ንጉሥ ከሚገብሩት ሰባት የእስላም አገሮች አንዷ አድርጎ ይቈጥራታል። የዚያ ዘመን ባሌ ወሰን ከዛሬው ባሌ ጋር ልክ ለልክ የሚገጥም አይደለም። በ16ኛው መቶ ዓመት የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር አገሩን ያዘ። አባ ባሕርይ እ.ኤ.አ. በ1593 ገደማ በጻፈው ድርሰት እንደሚተርከው፣ ኦሮሞዎች በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመነ መንግሥት ገላና የተባለውን ወንዝ ተሻግረው ወደ ባሌ ወሰን መጡ። ከዚህ ሁሉ መለዋወጥ በኋላ ያልተቋረጠው የሼኽ ሑሴን ዝያራ ነው። ምእመናን ባላ በትር ይዘው፣ ባህሮ የተባለውን ውዳሴ በኦሮምኛ እያዜሙ፣ ከሩቅ አገር ወደ ዲሬ ሼኽ ሑሴን ይጓዙ ነበር፤ ዛሬም ይጓዛሉ። ስለዚህ ጎባ የተተከለችው ታሪክና መንገድ በሌለበት ባዶ ምድር ላይ አልነበረም።

የራስ ዳርጌ ጦር በ1878 ዓ.ም. መጨረሻ በአዙሌ አርሲዎችን ድል ከነሣ በኋላ፣ ባሌም በ1880ዎቹ ዓመታት በዳግማዊ ምኒልክ ግዛት ሥር ገባች፤ ጎባም የወታደርና የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች። የአገሩ ሰው ገባር፣ የመጣው ወታደር ነፍጠኛ ተባለ። የነፍጠኛው ቀለብ ከገባሩ እህል፣ ከብትና ጉልበት የሚወጣ በመሆኑ፣ ከተማና ገጠር በአንድ ሸክም ተሳሰሩ፤ ነገር ግን አልተዋሐዱም።

ይህን መተሳሰርና መለያየት ከሁሉ ይልቅ ገልጦ የሚያሳየው ቋንቋ ነው። «ከተማ» የሚለው ቃል በጥንቱ አነጋገር ንጉሥ ወይም ጦር የሰፈረበትን ስፍራ ያመለክታል፤ ሰፈሩ ሲጸና ቃሉም ከሰፈሩ ጋር ጸና። ኦሮምኛም ቃሉን ተዋሰ። ነገር ግን በኦሮምኛ «መጋላ» የሚባል ሌላ ቃል አለ፤ ይህ ቃል በሐረር ገበያ ማለት ሲሆን፣ የሐረሩ ፈረስ መጋላ ምስክር ነው። እንግዲህ ያንኑ ስፍራ አንዱ ቃል ከሰፈር፣ ሌላው ከገበያ በኩል ይጠራዋል። ጎባን በሰፈርነቷ ብቻ የሚጽፍ ታሪክ፣ እህሉን፣ ቅቤውን፣ ከሐረና ደን የሚወጣውን ማርና ቡና ይዞ የሚመጣውን ሰው ከታሪኩ ያወጣዋል።

በአነጋገርም ረገድ አማርኛ የችሎት፣ የጽሕፈት ቤትና የትምህርት ቤት ቋንቋ ሆኖ ቆየ፤ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም አማርኛን የመንግሥት ቋንቋ አድርጎ ደነገገ። የአርሲ ኦሮሞ አነጋገር ደግሞ የገጠሩና የገበያው ቋንቋ ነበር። አማርኛ «ዸ» የሚባለውን የኦሮምኛ ድምፅ ስለማያውቅ፣ ይህ ድምፅ ያለበት ስም በመዝገብ ሲሰፍር በ«ደ» ይተካ ነበር። ነገሩ ቀላል ቢመስልም፣ የሰውዬው ስም እርሱ ከሚጠራበት ሌላ ሆኖ ይጻፋል ማለት ነው።

የሕዝብ መጠሪያዎችም እንዲሁ ምርመራ ይሻሉ። በባሌ «እስላም» ሲባል ሃይማኖትን ብቻ ሳይሆን የአርሲ ኦሮሞነትን፣ «አማራ» ሲባልም ትውልድን ብቻ ሳይሆን ክርስቲያንነትን ያመለክት ነበር። የሸዋ ኦሮሞ የሆነ ክርስቲያን ወታደር በዚህ አነጋገር «አማራ» ሊባል ይችላል። የባሌን ታሪክ ያጠናው ቴሪየ ኦስተቦም በ2020 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ፣ በዚህ አገር ሃይማኖትና ነገድ ተነጣጥለው ሊታዩ እንደማይችሉ አስረድቷል።

ባሌ እ.ኤ.አ. በ1960 ከሐረርጌ ተለይታ ራሷን የቻለች ጠቅላይ ግዛት ስትሆን ጎባ ርእሰ ከተማ ሆነች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. ድረስ፣ በሕዝቡ አፍ የዾምቢር ጦርነት የሚባለው ዐመፅ ተካሄደ። የመሬት መነጠቅና የግብር ውዝፍ፣ የሃይማኖት በደልና ከሶማሊያ የመጣው ድጋፍ በአንድነት ያስነሡት ነበር፤ ከመሪዎቹ ዋናው ዋቆ ጉቱ በ1962 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። የ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ የጭሰኝነትን ሥርዐት ሲሽር፣ የቀድሞው ሰፈር የቆመበት መሠረት ፈረሰ። ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ኦሮምኛ በላቲን ፊደል የትምህርት ቤትና የጽሕፈት ቤት ቋንቋ ሆነ። የዞኑም መቀመጫ በቅርብ ወደምትገኘው ወደ ሮቤ ዞረ፤ በ1999 ዓ.ም. ቈጠራ ሮቤ ከ44,000 በላይ፣ ጎባ 32,000 ያህል ነዋሪዎች ነበሯቸው።

እንግዲህ የርእሰ ከተማነቱ ማዕርግ ቢያልፍም ከተማዪቱ አላለፈችም። ገዥውን ጦር ያሰፈረው ትእዛዝ ነበር፤ ትእዛዙ ከተሻረ በኋላ ያቆያት ግን የገበያው መንገድ ነው። በአንዱ ጎዳና ሁለቱ ቋንቋዎች ዛሬም ይሰማሉ፤ ሁለቱንም የሚናገር ሰው፣ «ከተማ»ም ቢል «መጋላ»ም ቢል፣ ስለ አንዲት ጎባ ይናገራል። የጎባን ታሪክ የሚጽፍ ሰውም የገባሩንና የነፍጠኛውን ትዝታ ጎን ለጎን ሊሰማ ይገባዋል፤ አንዱን ብቻ ከሰማ፣ የሚጽፈው የአንድ ወገን ክስ ወይም የአንድ ወገን ውዳሴ ይሆናል።