የተቃጠለው ሲዲ

እንግሊዝኛው ሲዲ ላይ መቅዳትን «ማቃጠል» ይለዋል። እኛ ቃሉን ስንዋስ ሳንተረጉም «በርን ማድረግ» ብለን ተውነው፤ ደግም አደረግን። በአማርኛ ዕቃ ተቃጠለ ማለት ከአገልግሎት ውጭ ሆነ ማለት ነውና። አምፖል ይቃጠላል፤ ራዲዮ ይቃጠላል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይቃጠላል። ስለዚህም በ1990ዎቹ ማብቂያ በየከተማው የቪዲዮና የኮምፒውተር ቤት ሁለቱ ቃላት ጎን ለጎን ይሰሙ ነበር፤ «በርን ሆነ» የምሥራች፣ «ተቃጠለ» መርዶ። በዚያው ጠረጴዛ፣ በዚያው ማሽን፣ በዚያው ሌዘር ሁለቱም ይመጡ ነበር። ይህች ጽሑፍ የምታወራው ስለ መርዶው ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ይበጃል። ዘፈን በሸክላ በሚታተምበት ዘመን ቅጂ ማብዛት የባለ ፋብሪካ ሥራ ነበር። ዐምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የግል የሸክላ አሳታሚነቱን ሲጀምር እንኳ ድምፁ አዲስ አበባ ይቀረጽ እንጂ ሸክላው የሚታተመው ባሕር ማዶ ነበር። ካሴት መጣና ይህን ሥልጣን ለሁሉም አደለ፤ ሁለት ቴፕ ያገናኘ ሁሉ አባዢ ሆነ። ካሴት ግን ሲገለበጥ ይደክማል። የቅጂው ቅጂ ይሻክራል፣ የሦስተኛው ቅጂ ዘፋኝ ከጭጋግ ውስጥ የሚጣራ ይመስላል። ሲዲ ይህን የተፈጥሮ ዳኝነት ሻረው፤ መቶኛው ቅጂ እንደ መጀመሪያው ጥርት ያለ ሆነ። የአርቲስቶቻችን ጩኸት የበረታው፣ የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት በአዋጅ ቁጥር 320/1995 የተቋቋመው፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የታወጀው በዚህ ዘመን ነው። አዋጁ በ2007 ዓ.ም. ተሻሽሏል። ስለ ሕጉ ብዙ ተብሏልና እዚህ ላይ እናቁመው። ሲዲ ይዞ የመጣው የሌላ ሰው ዘፈን ብቻ አልነበረም፤ የራሳችንን ሠርግ፣ የራሳችንን ልቅሶ፣ የራሳችንን ምርቃትም ይዞልን ነበር።

አንገር ጉቲን በምሥራቅ ወለጋ፣ ከነቀምቴ በስተሰሜን፣ በአንገር ሸለቆ ያለች ቆላማ ከተማ ናት። አንገር ወደ ዴዴሳ፣ ዴዴሳም ወደ ዓባይ ይገባል። በ1977ቱ ድርቅ ወቅት ደርግ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ በሰፈራ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲያጓጉዝ፣ ወለጋ ብዙውን ከተቀበሉት ክፍላተ ሀገር አንዷ ነበረች፤ ይህ ሸለቆም ከሰፈራ ጣቢያዎቹ መካከል ነበር። አክስቴ ከወሎ የመጡት ያኔ ነው። ወንድማቸው ደሴ ቀሩ። በመካከላቸው ግማሽ አገር ተዘረጋ። ጽሕፈት ለማይችል ሰው የዚያ ዘመን ደብዳቤ ካሴት ነበር፤ ሰላምታው፣ እንባው፣ የከብቱ ቁጥር ሳይቀር ይቀዳና በመንገደኛ እጅ ይላካል። ከሃያ ዓመት በኋላ ካሴቱን ቪሲዲ ተካው። አሁን ድምፅ ብቻ ሳይሆን ፊትም ተላከ። ልጅ ሲዳር ካሜራማን ከነቀምቴ ይጠራል፤ ከሳምንታት በኋላም ሁለት ሦስት ሲዲ ይመጣል፤ አንዱ ለቤት፣ አንዱ ለወሎ።

ይህ ሁሉ በምን ላይ ተንጠልጥሎ እንደነበረ ለማየት ወደ ሲዲው ሆድ እንግባ። ፊሊፕስና ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ ያወጡት ሲዲ በፋብሪካ የሚታተም ነበር፤ መረጃው በፕላስቲኩ ላይ የተቀረጸ ጎድጓዳ ነው። ባዶው፣ በቤት የሚቀዳበት ሲዲ ሌላ ነገር ነው። ከፕላስቲኩ በላይ ስስ የቀለም ንጣፍ አለው፤ ከቀለሙ በላይ የሚያንጸባርቅ ብረት፣ ከብረቱ በላይ ቀጭን ቫርኒሽ። ሌዘሩ ቀለሙን በነጥብ በነጥብ ያግለዋል፤ የጋለው ነጥብ ጠባዩ ተለውጦ ብርሃን የሚመልስበት መጠን ይቀንሳል። «ማቃጠል» የሚለው የፈረንጅ ቃል እንግዲህ ዘይቤ አይደለም፤ እውነተኛ ትኩሳት ነው። ነጥቦቹ የሚሰለፉበት ጠመዝማዛ መስመር ቢዘረጋ ከ5 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ የሚጀምረውም ከመሐል፣ የሚያልቀው ከዳር ነው። ይህን የመጨረሻ ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

ማቅጃ ማሽኑ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሀብታም ድርጅት ዕቃ ነበር። በ1995 ሒውሌት ፓካርድ ከ1,000 ዶላር በታች የሆነ ሲያወጣ ወደ ተራው ሰው ወረደ፤ እኛ ዘንድ የደረሰው ግን ዘግየት ብሎ ነው። ከእርሱ ጋር ኔሮ የሚባለው የጀርመን ፕሮግራም መጣ፤ ምልክቱ በእሳት የተያያዘው የሮማ ኮሎሲየም ነው። ከመርካቶ በሃምሳ በሃምሳ የሚደረደሩ ባዶ ሲዲዎች በአውቶቡስ ተጭነው ነቀምቴ ይደርሳሉ፤ ከዚያም ወደ ገጠር ከተሞች ይወርዳሉ።

የመጀመሪያው ጠላት ጥድፊያ ነበር። ሌዘሩ አንዴ ከጀመረ መቆም አይችልም ነበር። በስምንት እጥፍ ፍጥነት በሰከንድ 1.2 ሜጋባይት ይበላል፤ የማሽኑ መጠባበቂያ ቋት 2 ሜጋባይት ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ ለሁለት ሰከንድ ያህል ከዘገየ ቋቱ ይደርቃል፣ ሲዲውም ይበላሻል። በዚያ ሰዓት አንዱ ደንበኛ ገብቶ «እስቲ ያንን ዘፈን አሰማኝ» ካለ ጉድ ፈላ። የቆዩ ባለሙያዎች በርን ሲያደርጉ ማውዙን እንኳ አያስነኩም ነበር፤ እንደ ጉልበተኛ አጉል እምነት ይታይ ነበር፣ ግን ምክንያት ነበረው። ሳንዮ እ.ኤ.አ. በ2000 ሌዘሩ ባለበት ቆሞ ከቆመበት እንዲቀጥል የሚያደርግ ብልሃት ካወጣ በኋላ አዳዲሶቹ ማሽኖች ከዚህ ዳኑ። ለአሮጌዎቹ መድኃኒቱ ፍጥነትን መቀነስ፣ ሌላውን ፕሮግራም ሁሉ መዝጋት፣ ፋይሉንም ከሌላ ሲዲ በቀጥታ ሳይሆን አስቀድሞ ወደ ሃርድ ዲስክ ቀድቶ መጻፍ ነበር።

መብራት ግን ለሳንዮ ብልሃት አይገዛም። መብራት የሄደበት ሲዲ በቃ ሄደ። መቆራረጡ ብቻ አይደለም፤ ማምሻውን ኃይሉ ሲዳከም ኮምፒውተሩ ራሱን አጥፍቶ ይነሣል። ስለዚህ ሠርግ በሌሊት በርን ይደረግ ነበር፤ ከተማው ሲተኛ፣ ምጣዱ ሁሉ ሲጠፋ።

ሌላው ችግር ስውር ነው። ማሽኑ መጻፍ ከመጀመሩ በፊት በሲዲው ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ሌዘሩን ይሞክራል፤ ለዚህ ቀለም ምን ያህል ትኩሳት ይበቃል ብሎ። ሌንሱ አቧራ ከለበሰ ወይም ቀለሙ ርካሽ ከሆነ ልኩን ያጣና ስሕተት አለ ብሎ ይተፋዋል። የክረምት ጭቃው ሲደርቅ የሚነሣውን የወለጋ ቀይ አቧራ ለሚያውቅ ይህ አያስገርምም። ብዙው ሰው ሲዲውን ወርውሮ ሌላ ያስገባል፤ ልባሙ ማሽኑን ፈትቶ ሌንሱን በአልኮል በራሰ ጥጥ ቀስ ብሎ ይጠርጋል። ደግሞም ሳይዘጋ የቀረ ሲዲ ነበር፤ በኮምፒውተር ይከፈታል፣ በማጫወቻ ግን ባዶ ነው። ቪዲዮውን በቪሲዲ ሥርዓት ሳይሆን እንደ ተራ ፋይል የጻፈም ነበር። ደንበኛ ቤቱ ወስዶ እንግዳ ሰብስቦ ሲያጣው ያፍራል፤ ያኔ የሚወቀሰው ማጫወቻው ነው።

ከሁሉ የከፋው ጥፋት የተሠራው ግን በእስክሪብቶ ነው። ሁላችንም የምንሳሳው ለሚያብረቀርቀው ፊት ነበር። ነገር ግን በዚያ በኩል ከ1 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ፕላስቲክ ይጠብቀዋል፤ መረጃው ያለው ከጀርባው፣ ስም በምንጽፍበት ፊት ሥር ነው፤ ከቫርኒሽ በቀር ጋሻ የለውም። የሙሽሮቹን ስም በእስክሪብቶ ጫን አድርገን ስንጽፍ፣ በስማቸው ሠርጋቸውን እየፋቅን ነበር።

የአክስቴ ልጅ ሠርግ በ1999 ዓ.ም. ነበር። ሲዲው ሲመጣ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይጫወትና ይቆማል፤ ምስሉ አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ሆኖ ይሰነጣጠቃል፤ ድምፁ ይንተባተባል። መስመሩ ከመሐል ወደ ዳር እንደሚሄድ ብያለሁ፤ ርካሽ ሲዲ አስቀድሞ የሚበላሸው ዳሩ ነው። ስለዚህ የሁሉም ሠርግ መጨረሻ ይጠፋል። በሠርጋችን መጨረሻ ደግሞ የሽማግሌ ምርቃት አለ። የአክስቴ ባል ቆመው የመረቁት እዚያ ነበር። እሳቸው በ2004 ዓ.ም. ዐረፉ። ሌላ የተቀረጸ ድምፅ የላቸውም።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በምሥራቅ ወለጋ በነበረው ግጭት ብዙ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። አክስቴም ወጡ። በያዙት ፌስታል ውስጥ ከመታወቂያቸው ጋር ያ ሲዲ ነበር፤ ማጫወቻ የሌለው፣ የቆላው ሙቀት ቀለሙን ያደበዘዘው። «አንተ ኮምፒውተር ታውቃለህ» ብለው ሰጡኝ።

የደሴውንም አስመጣሁ። የደሴው ጀርባው ንጹሕ ሆኖ ፊቱ ተጫጭሯል፤ የአንገር ጉቲኑ ፊቱ ደኅና ሆኖ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። ለፊት ጭረት የጥርስ ሳሙና ይረዳል፤ የሚታሸው ግን በዙሪያው ሳይሆን ከመሐል ወደ ዳር በቀጥታ ነው፤ በዙሪያ የተሠራ ጭረት መስመሩን ተከትሎ ብዙ ያጠፋልና። ሦስት ማሽን ሞከርሁ። አንዱ ያላነበበውን ሌላው ያነባል፤ የሌዘር ዓይን እንደ ሰው ዓይን ይለያያል። የተሻለው የአሮጌ ላፕቶፕ ነበር፤ በዝቅተኛው ፍጥነት፣ ሌሊቱን ሙሉ። ቪሲዲ ብዙ ቪዲዮ እንዲይዝ ሲባል ከተራ የመረጃ ሲዲ የስሕተት ማረሚያው ተቀንሶለታል፤ ስለዚህ በጎደለው ቦታ ዝም ብሎ አይሞትም፣ ተሰባብሮም ቢሆን ይቀጥላል። ከአንዱ ቅጂ የዳነውን ከሌላው ቅጂ ከዳነው ጋር ቆራርጬ አገጣጠምሁ።

ከሃምሳ ሦስተኛው ደቂቃ በኋላ ሽማግሌው ይነሣሉ። ፊታቸው ግማሹ ቀርቷል፤ የተነሣው እጃቸው ግን ሙሉ ነው። ድምፃቸው ይመጣል፣ ይጠፋል፣ ይመጣል። በመካከል አሥራ አንድ ሰከንድ የለም። አክስቴ ያንን ክፍል ሲያዩ አሥራ አንዱን ሰከንድ በራሳቸው አፍ ሞሉት፤ ለካ በቃላቸው ይዘውት ኖሯል።