የጠራ ውሃ ረሃብ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላል ያገራችን ሰው። ለሚጠጣ ውሃ ምክሩ እውነት ነው። የባሕር እንስሳትን በመስታወት ገንዳ ለማኖር የሞከሩ ሰዎች ግን ውሃውን ብቻ እያዩ የነገሩን ሥር ከመቶ ዓመት በላይ ሳቱት። ውሃው በጠራ ቁጥር እንስሳቱ የሚመቻቸው መሰላቸው። ብዙዎቹ እንስሳት ግን በዚያ በጠራው ውሃ ውስጥ፣ በአድናቂዎቻቸው ፊት፣ በረሃብ አለቁ። ምግባቸው ባለቤቶቹ እንደ ቆሻሻ ቆጥረው ያስወገዱት አረንጓዴ ነገር ነበር።

ያ አረንጓዴ ነገር ፋይቶፕላንክተን ይባላል። በውሃ ላይ ተንሳፈው የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት ናቸው። ሥርም ቅጠልም የላቸውም፤ ነገር ግን እንደ ተክል ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠራሉ። በምድር ላይ ከሚካሄደው ፎቶሲንተሲስ ግማሽ ያህሉ የእነሱ ሥራ ነው። የባሕር ማዕድ የሚጀምረው ከእነሱ ነው።

ነገሩ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ቢሾፍቱ አጠገብ ያለውን አረንጓዴ ሐይቅ ያየ ሰው ያውቀዋል። የውሃው ቀለም ስፒሩሊና በሚል ስም ከሚታወቀው ረቂቅ ተንሳፋፊ የመጣ ነው። በስምጥ ሸለቆ ሶዳማ ሐይቆች ላይ የሚታየው ትንሹ ፍላሚንጎም በዋናነት የሚመገበው ይህንኑ ነው። ለእኛ ድፍርስ የሚመስለን ውሃ ለወፉ የተዘረጋ ገበታ ነው።

የገንዳው ታሪክ የሚጀምረው ግን ከእንግሊዝ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1846 አና ቲን የተባለች የለንደን ቄስ ሚስት ከቶርኪ የባሕር ዳርቻ ሕያው ኮራሎችን በማሰሮ ይዛ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ውሃው አየር እንዲያገኝ የቤት ሠራተኛዋ በየቀኑ በተከፈተ መስኮት ፊት ከዕቃ ወደ ዕቃ ታንቆረቁረው ነበር። በኋላ አና ቲን የባሕር አረም ጨመረችበት። ኮራሎቹ ሦስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ቆዩ። በ1850 ኬሚስቱ ሮበርት ዋሪንግተን ተክልና እንስሳ በአንድ ገንዳ ተደጋግፈው መኖር እንደሚችሉ አሳየ። በ1853 የለንደን የእንስሳት መናፈሻ ለሕዝብ አኳሪየም ከፈተ፤ በቀጣዩ ዓመት ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ ስለ አኳሪየም የጻፈው መጽሐፍ ወጣ። የመስታወት ገንዳ በየሳሎኑ የሚታይ ፋሽን ሆነ።

የዚያ ዘመን ዋና ጭንቀት አየር ነበር። ተክሉ ኦክስጅን ከሰጠ፣ ውሃው ከጠራ፣ ሥራው ያለቀ ይመስል ነበር። ኮራሉ፣ ስፖንጁ፣ በቅርፊት ውስጥ የሚኖረው እንስሳ በየቀኑ ከውሃው ምን እያጣራ እንደሚበላ የጠየቀ ጥቂት ነው። ለነገሩ ለዚያ ምግብ ስም እንኳ ገና አልወጣለትም ነበር፤ ጀርመናዊው ቪክቶር ሄንሰን «ፕላንክተን» የሚለውን ቃል ያወጣው በ1887 ነው።

ጥያቄውን በቁም ነገር ያነሡት የሳሎን ገንዳ ባለቤቶች ሳይሆኑ የባሕር ቤተ ሙከራዎች ናቸው። በ1910 በፕሊመዝ ኤድጋር አለንና ኤድዋርድ ኔልሰን ፋይቶፕላንክተንን በጠርሙስ እንዴት ማራባት እንደሚቻል አሳተሙ። ያራቡትንም ለባሕር እንስሳት እጮች መገቡ። ከዚያ በፊት እጮችን ማሳደግ የዕድል ጉዳይ ነበር። አሁን ምግቡን ሰው ራሱ ሊያመርተው ቻለ።

ቀጥሎ የመጣው የእንጀራ ጉዳይ ነው። በ1920 ገደማ በአውሮፓ ለገበያ የሚቀርበው ኦይስተር በብዛት አለቀ። ክምችቱን ለመተካት እጮቹን በገንዳ ማሳደግ ተሞከረ፤ እጭ ግን የሚበላው ካላገኘ አያድግም። በማን ደሴት በፖርት ኤሪን የምትሠራው ሜሪ ፓርክና ባልደረቦቿ ለኦይስተር እጭ አፍ የሚመጥን ረቂቅ አልጌ ለይተው አራቡ፤ ውጤቱንም በ1940 አሳተሙ። ፓርክ በኋላ አይሶክራይሲስ ጋልባና ብላ የሰየመችው አልጌ ዛሬም በዓለም ዙሪያ ኦይስተር የሚያራቡ ጣቢያዎች የሚጠቀሙበት ምግብ ነው።

በዚያው ዘመን በጃፓን ሞቶሳኩ ፉጂናጋ ከሽሪምፕ እጮች ጋር ይታገል ነበር። እጮቹ ከእንቁላሉ የተረፋቸው ስንቅ እስኪያልቅ ይኖራሉ፤ ከዚያ ምግብ ካላገኙ ይሞታሉ። ስኬሌቶኔማ የተባለውን ፋይቶፕላንክተን ሲመግባቸው አለፉ። በ1942 ያሳተመው ሥራ ለዘመናዊው የሽሪምፕ እርባታ መሠረት ሆነ። በአሜሪካ ደግሞ ሮበርት ጊላርድ ከጆን ራይዘር ጋር በ1962 የአልጌ ማራቢያ ቅመም አወጣ። ናይትሬት፣ ፎስፌት፣ ጥቂት ማዕድናትና ቫይታሚኖች ያሉበት ነው። ግማሽ መጠኑ «ኤፍ/2» ተብሎ ይታወቃል፤ ዛሬ በቤቱ አልጌ የሚያራባ ሰው የሚጠቀመው ይህንኑ ነው።

እንግዲህ እውቀቱ ነበረ። ወደ ቤት ገንዳ ለመድረስ ለምን ዘገየ?

አንዱ ምክንያት የሊቃውንት ቃል ነው። ከ1928 እስከ 1929 በአውስትራሊያ ታላቁ የኮራል ሪፍ ላይ የተካሄደውን ጥናት የመራው ሞሪስ ዮንግ፣ ኮራል ሥጋ በል ነው፣ ከዕፅዋት ወገን አይበላም ብሎ ደመደመ። ብዙ ኮራሎች ደግሞ በሥጋቸው ውስጥ ከሚኖሩ አልጌዎች በብርሃን የተሠራ ስኳር ይቀበላሉ። ስለዚህ ኮራል የሚያስፈልገው ብርሃንና ንጹሕ ውሃ ነው የሚለው እምነት ሥር ሰደደ።

በ1961 ኢንዶኔዥያዊው ሊ ቺን ኤንግ ሌላ መንገድ አሳየ። ከባሕር የወጣ፣ ሕይወት የሞላበት ድንጋይ፣ የባሕር ውሃና ጥቂት የአየር አረፋ ብቻ ተጠቅሞ ኮራል አኖረ። ከእሱ በኋላ በጀርመን የዳበረው «የበርሊን ዘዴ» ሕያው ድንጋዩን ወሰደና ስኪመር የተባለውን መሣሪያ አከለበት። ስኪመር በአረፋ አማካይነት ከውሃው ብናኝና ቅባት ያወጣል። ዘዴው ትልቅ ድል ነበር፤ በብርሃን የሚኖሩ ኮራሎች በየቤቱ አደጉ። ነገር ግን መሣሪያው ቆሻሻውንና ምግቡን አይለይም። ከውሃ አጣርተው የሚበሉት ስፖንጆች፣ ላባ መሰል ትሎችና ለስላሳ ኮራሎች ቀስ በቀስ እየመነመኑ ሞቱ። ባለቤቱም በሽታ መስሎት ውሃውን ይበልጥ አጸዳ።

ከእነዚህ ሁሉ በውበቱ የታወቀው ዴንድሮኔፍቲያ የተባለው ለስላሳ ኮራል ነው። ቀይ፣ ብርቱካናማና ሐምራዊ ነው፤ በሥጋው ውስጥ አልጌ ስለሌለው ብርሃን አያበላውም። ተገዝቶ በጠራ ገንዳ ሲገባ የሚቆየው አጭር ጊዜ ነበር። በ1995 ካታሪና ፋብሪሲየስ፣ ይሁዳ ቤናያሁና አማጽያ ጌኒን ከቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ ያገኙትን ውጤት በሳይንስ መጽሔት አሳተሙ። ይህ ኮራል በዋናነት የሚበላው ፋይቶፕላንክተን ነው። ከስልሳ ዓመት በላይ የቆየው «ኮራል ከዕፅዋት ወገን አይበላም» የሚል ድምዳሜ በዚያው ፈረሰ።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሣል። የኮራል ባሕር ራሱ የጠራ አይደለም ወይ? ነው። በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ምግብ ጥቂት ነው፤ ሞገዱ ግን ሌትና ቀን አዲስ ሊትር ያመጣል። በገንዳ ውስጥ የሚዞረው ያው አንድ ውሃ ነው። አንዴ ከተበላ ወይም ከተጣራ፣ ሰው ካልጨመረበት በቀር ሌላ አይመጣም። ባሕር የጠራው እየተበላ ነው፤ ገንዳው የጠራው ባዶ ስለሆነ ነው።

ዛሬ አረንጓዴው ጠርሙስ በየአኳሪየም መደብሩ ይሸጣል፤ በዚያው ልክ ስህተቱን ገልብጦ መድገም ቀላል ሆኗል። በአንድ ጊዜ ብዙ የሚያፈስ ሰው ያልተበላው ሲበሰብስ ናይትሬትና ፎስፌት ይቆልልበታል፤ ኦክስጅንም ይቀንስበታል። በብርሃን ብቻ የሚኖር እንስሳ ለሞላበት ገንዳ ጠርሙሱ ብዙም አይጠቅምም። ለአጣሪዎቹ ግን በጥቂት በጥቂቱ፣ ቶሎ ቶሎ መስጠት፣ ስኪመሩን ለጥቂት ሰዓት ማጥፋት፣ ጠርሙሱን ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥና የሸተተውን መድፋት የተለመደ ሥራ ነው። ሞገዱ በባሕር የሚሠራውን በገንዳ ሰው ይተካዋል ማለት ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። ሁሉም እንስሳቱን የሚወዱ፣ ገንዘብና ጊዜ የሚያፈሱላቸው ነበሩ። የጎደላቸው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህን ሳስወግድ ከዚህ ይበላ የነበረው ማን ነው? ጥያቄው ለገንዳ ብቻ አይደለም። ጎዳና ሲጸዳ፣ ገበያ ሲነሣ፣ «ትርፍ» የተባለ ሁሉ ሲጠረግ፣ ለዓይን የሚያምረው ቶሎ ይታያል። የሚራበው ግን ድምፅ የለውም፤ ቀስ ብሎ ይመነምናል፤ ሲሞትም በሽታ ነው ይባላል። ውሃን ከጥሩ ያለው ሰው፣ ቀድሞ ነገርን ከሥሩ ማለቱን መርሳት አይገባም።