ወፍ የነገረው ወንጀል፦ በላስታ ደጋ የምርመራና የቧልት ታሪክ

ሞክዩመንታሪ የሚባለው የፊልም ዓይነት፣ ማለትም ልብ ወለዱን ታሪክ የዘጋቢ ፊልም ልብስ አልብሶ፣ የሐሰት ምስክሮችን ፊታቸውን አኮሳትረው እንዲናገሩ እያደረገ እውነት አስመስሎ የሚያቀርበው ቧልት፣ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ በመሆኑ በየአገሩ አቅመ ደካማ የሆኑ የፊልም ባለሙያዎች መሸሸጊያ ሆኗል፤ ጉዳዩ ወንጀል ሲሆን ደግሞ ሳቁ ይመርራል፣ ተመልካቹም በሰው መከራ መሳቁ እያሳፈረው ይስቃል። ይህ የፊልም ዓይነት በኢትዮጵያ ገና ሥር ያልሰደደ እንግዳ ነው፤ የተሠራባቸው ነገሮች ግን፣ ማለትም ተሰብስቦ የሚጠየቀው መንደር፣ ማንነቱ የማይገለጸው ጠቋሚ፣ ከቁም ነገሩ ጋር ተጣብቆ የሚመጣው ሳቅ፣ በሰሜኑ ደጋ ለዘመናት የዳኝነቱ አካል ሆነው ኖረዋል። ላስታ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው።

ከላሊበላ ከተማ በላይ የሚገተረው አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ሲሆን፣ ከእርሱ ሥር ያለው አገር በገደልና በሸለቆ የተቆራረጠ በመሆኑ ከአንዱ አምባ ወደ ሌላው ለመሻገር ቀን ይፈጃል። እንዲህ ያለ መሬት ለሸሸ ሰው ይመቻል፣ ለአሳዳጅ ግን ይከብዳል፤ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የካቶሊክን እምነት አንቀበልም ያሉት የላስታ ገበሬዎች በመልክአ ክርስቶስ መሪነት ለዓመታት ያመፁት በዚሁ ምሽግ ተማምነው ነበር፤ በ1624 ዓ.ም. ሺዎች ካለቁበት ጦርነት በኋላም፣ ድሉ የንጉሡ ቢሆንም፣ ሃይማኖቱን የለቀቀው ንጉሡ ነው። በኋላም ከዚሁ አገር የተነሣው ዋግሹም ጎበዜ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ነግሧል። በአማርኛ «ሽፍታ» የሚለው ቃል በአንድ አፍ የመንገድ ዘራፊ፣ በሌላ አፍ በጌታው ላይ ያመፀ ጨዋ ሰው የሚል ሁለት ፊት ሊይዝ የቻለው ከእንዲህ ያለ ታሪክ የተነሣ ነው፤ የተሳካለት ሽፍታ ዘውድ ይጭናል፣ ያልተሳካለት ይሰቀላል፣ መዝሙሩም ሙሾውም በአንድ አዝማሪ ይወጣል።

ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግና ቋሚ ወህኒ ባልነበረበት በዚህ አገር በሌሊት የተፈጸመ ወንጀል፣ የበሬ ስርቆት ይሁን የጎጆ ቃጠሎ ወይም ደሙ ባለቤት ያጣ ግድያ፣ የሚጣራው አውጫጭኝ በተባለው ጉባኤ ነበር። አውጫጭኝ፣ በሌላ ስሙ አፈርሳታ፣ ወንጀሉ የደረሰበት አካባቢ ነዋሪ ሁሉ በአንድ ሜዳ ላይ ተጠርቶ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ የሚቆይበት ምርመራ ሲሆን፣ የቀረ ሰው ይቀጣል፣ የመጣም ሳይፈቀድለት አይሄድም። ከወይራ ጥላ ሥር ጭቃ ሹሙ፣ ማለትም የመንደሩ ሹም፣ ከተመረጡ ሽማግሌዎች ጋር ይቀመጣል፤ ሰዉ በተራ እየቀረበ ያየውንና የሰማውን እንዳይደብቅ ይምላል፤ አብዛኛውም አላየሁም፣ አልሰማሁም ብሎ ይመለሳል። እርሻው ይጠብቃል፣ ከብቱ ይጮኻል፣ የተቋጠረው ቆሎ ያልቃል፣ ሌባውም ከሌላው ጋር እኩል ተቀምጦ ስለ ሌባው ክፋት ያማርራል። የዘመኑ የቧልት ደራሲ ብዙ ደክሞ የሚፈጥረው ትዕይንት፣ ጥፋተኛው ራሱ በምርመራው ላይ አስተያየት ሲሰጥ ማለት ነው፣ እዚህ ያለ ደራሲ ይከናወን ነበር።

ከሥርዓቱ ሁሉ ረቂቁ ክፍል ወፍ ነው። የሚያውቀውን በአደባባይ ቢናገር ቂም የሚተርፈው ሰው ምስጢሩን ለአንድ የታመነ ሽማግሌ ጆሮ ብቻ ይነግራል፤ ሽማግሌውም በጉባኤው ፊት ተነሥቶ የነገረውን ሰው ስም ሳያነሣ «ወፍ ነገረኝ» ይላል። ወፏ ማን እንደ ሆነች መጠየቅ ነውር ነው፤ መገመት ግን የማይቀር በመሆኑ፣ ጉባኤው ከተበተነ በኋላ መንደሩ ወፏን በማፈላለግ ሌላ አውጫጭኝ በየቤቱ ይጀምራል። በዘመናዊ ዘጋቢ ፊልም ፊቱ ተሸፍኖ፣ ድምፁ ተለውጦ የሚቀርበው ምስክር የዚችው ወፍ ዘመድ ነው። ወንጀለኛው ሳይገኝ ከቀረ ደግሞ የጠፋውን ንብረት ዋጋ የአካባቢው ሰው በጋራ ያዋጣ ነበር፤ ስለዚህ ዝም ማለት ወጪ ነበረው፣ መናገርም እንደዚሁ፣ እያንዳንዱም ገበሬ የትኛው እንደሚረክስ በልቡ ያሰላ ነበር። ደራሲው ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በእንግሊዝኛ የጻፈውን ልብ ወለድ «አፈርሳታ» ብሎ የሰየመው፣ ምንም እንኳ የታሪኩ ቦታ ከላስታ የራቀው የጉራጌ አገር ቢሆን፣ ይህ ጉባኤ ለልብ ወለድ ምን ያህል የተመቸ መሆኑን በመረዳት ይመስላል።

አውጫጭኝ በትዕግሥት ይሠራ ከነበረ ሌባ ሻይ ይሠራ የነበረው በሩጫ ነው። ቃሉን ሲሰማ መጠጡ የሚታወሰው የዛሬ አንባቢ እንዳይሳሳት፣ «ሻይ» እዚህ ላይ ከመሻት የመጣ በመሆኑ ሌባ ሻይ ማለት ሌባ ፈላጊ ማለት ነው። ንብረቱ የጠፋበት ሰው ባለሙያውን ያስጠራል፤ ባለሙያው ለአቅመ አዳም ላልደረሰ ልጅ በወተት የተበጠበጠ መድኃኒት ያጠጣዋል፣ ወገቡንም በመቀነት ወይም በገመድ አስሮ ጫፉን ይይዛል። ልጁ ሰውነቱ ሲግል ተነሥቶ ይሮጣል፣ ይወድቃል፣ ይነሣል፣ በየደጁ ያሸታል፣ በመጨረሻም ከአንድ ቤት ገብቶ መደብ ላይ ይዘረራል፤ የዚያ ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ይያዛል። በላሊበላ ዛሬም በሚታዩት ባለ ሁለት ደርብ ክብ የድንጋይ ጎጆዎች መካከል ያሉትን ጠባብ መንገዶች ያየ ሰው፣ አንድ የሰከረ ልጅ፣ ገመድ የያዘ ጎልማሳና ከኋላቸው የተግተለተለ መንደር በዚያ ሲያልፉ የሚፈጠረውን ሁካታ ለመገመት አይቸገርም። በየበሩ የቆመው ሰው ልጁ የእርሱን ደጅ እስኪያልፍ በፍርሃት ይንቀጠቀጣል፤ ካለፈው በኋላ ግን ከተከታዮቹ ጋር ተቀላቅሎ ይስቃል። ገመዱን የያዘው ሰው ልጁን ይመራል ወይስ ልጁ እርሱን ይመራዋል የሚለው ጥያቄ፣ በተለይም የተያዘው ሰው ባለጠጋ ወይም የሹሙ ባላንጣ ሆኖ ሲገኝ፣ ከማንም የተሰወረ አልነበረም።

ሞክዩመንታሪ ውሸት መሆኑን እያወቀ የእውነትን መልክ ይበደራል፣ ተመልካቹም ያንኑ አውቆ ይስቃል፤ ሌባ ሻይ ግን በውሸት መንገድ ሄዶ እውነተኛ ቅጣት ያስፈርድ ነበር፣ ቤቱ የተገባበት ሰውም ዕዳ ከፋይ ይሆን ነበር። ጨካኙ ቧልት የቱ እንደ ሆነ ግልጽ ነው።

ሰው ከተያዘ በኋላ የነበረው ሥርዓትም ከዚህ አይለይም ነበር። ቁራኛ የተባለው ልማድ ከሳሽና ተከሳሽ፣ ወይም ባለ ዕዳና አበዳሪ፣ ነገሩ እስኪቆረጥ ድረስ በሰንሰለት ወይም በነጠላቸው ጫፍ ተቆራኝተው እንዲኖሩ ያደርግ ነበር፤ ወህኒ የሌለው መንግሥት ከሳሹን ራሱን ወህኒ አደረገው ማለት ይቻላል። ሁለቱ ጠላቶች አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይተኛሉ፣ አንዱ ወደ ሜዳ ሲወጣ ሌላው መከተሉ የግድ ነው። በችሎት ፊት ሲቆሙ ደግሞ በላ ልበልሃ ይጀመራል፤ ይህ ከሳሽና ተከሳሽ ዘንግ ይዘው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ክርክራቸውን ቤት በሚመታ ንግግር የሚያቀርቡበት ሙግት ነው። ተሟጋቾቹ በማር፣ በበቅሎ ወይም በፈረስ ይወራረዳሉ፣ የተረታውም ውርርዱን ለዳኛው ይከፍላል፤ በመሆኑም ሙግቱ በረዘመና በጋለ ቁጥር የዳኛው ጓዳ ይሞላል። ዳኛ በአጠገብ ባይኖር «በሕግ አምላክ» ተብሎ የተጠራ መንገደኛ ቆሞ ነገሩን የመስማት ግዴታ ነበረበት። ተመልካቹ የሚከፍለው ነገር አልነበረም፣ በመንደሩም ከዚህ የሚሻል ትርኢት አልነበረም።

በዚህ አገር መረጃ ሰብስቦ በሰው ገመና መቀለድን ሙያ ያደረጉ ሰዎችም ነበሩ። ሐሚና ወይም ላሊበላ ተብለው የሚጠሩት የንጋት ዘማሪዎች፣ ጎህ ሲቀድ ከሰው ደጅ ቆመው ካልዘፈኑ ቁምጥና ይይዘናል ብለው የሚያምኑ በመሆናቸው ዘፈኑ ለእነርሱ ልመናም ግዴታም ነው። ከመዝፈናቸው አስቀድሞ የቤቱን አባወራ ስም፣ የልጆቹን ብዛትና የልቡን ስፋት ከጎረቤት አጣርተው ይይዛሉ፤ ለሚሰጥ ሰው ውዳሴው ይዘንባል፣ በሩን የዘጋ ግን ያጣሩት ነገር በቅኔ ተጠቅልሎ መንደሩ ሁሉ ሲነቃ ይሰማበታል። ስማቸው ከንጉሥ ላሊበላ ጋር መገጣጠሙ ብዙ አፈ ታሪክ አስነሥቷል፤ ሙያቸው ግን ከንጉሥ ይልቅ ለዘጋቢ ይቀርባል።

ላስታ የተገላቢጦሹንም ችግር፣ ማለትም እውነት ልብ ወለድ የመምሰሉን፣ ታውቀዋለች። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በላሊበላ ከአንድ አለት የተፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት አይቶ ሲጽፍ፣ አንባቢዎቹ ውሸታም ይሉኛል ብሎ በመፍራት ስለ እነርሱ ብዙ መጻፍ እንደ ሰለቸው ገልጾ የጻፈው እውነት መሆኑን በመሐላ አጽንቷል። እውነተኛው ዘገባ ልብ ወለድ እንዳይመስል በመሐላ የተጠበቀበት ቦታ ይህ ነው።

የ1923ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ከዚያም የ1949ኙ ሕግና የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ምርመራን ለፖሊስ፣ ክስን ለዐቃቤ ሕግ ሲሰጡ፣ የአደባባዩ ሙግት ወደ አዳራሽ ገባ፣ ግጥሙም በማመልከቻ ተተካ። ትርኢቱ ግን አስቀድሞ ሌላ ቤት አግኝቶ ነበር። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ የደረሰው የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ሹማምንትን በአውሬዎች አምሳል የሚዘልፍ ቧልት ስለ ነበር ብዙ ሳይታይ ታገደ፤ ወፍ ብቻ ሳትሆን አውሬዎችም ምስክር ሲሆኑ ቤተ መንግሥቱ አልወደደውም። በቅርቡ ደግሞ ሞገስ ታፈሰ «ቁራኛዬ» በተባለው ፊልሙ የቁራኛንና የበላ ልበልሃን ዘመን ወደ ሸራ መልሶታል፤ የዛሬው ወጣት ተመልካች ሁለት ሰዎች ተቆራኝተው ተራራ ሲወጡ ሲያይ የደራሲ ፈጠራ ቢመስለው አይፈረድበትም።

በሸራ ላይ ሳይሆን በእውን ደግሞ፣ በመጋቢት 1989 ዓ.ም. ከላሊበላው ቤተ መድኃኔ ዓለም አፍሮ አይገባ የተባለው መስቀል ተሰረቀ። ስሙ ወደ እርሱ የቀረበ ሰው አፍሮ አይመለስም ማለት ነው፤ ክብደቱ 7 ኪሎ ግራም እንደሚሆን የሚነገርለት ይህ ጥንታዊ መስቀል ሕመምተኞች የሚታሹበት ነው። በደጁ የሚያድር ካህን ያለው፣ እያንዳንዱ ነዋሪ ሌላውን የሚያውቅበት ከተማ ውስጥ የጠፋው ይህ መስቀል ባሕር ተሻግሮ ቤልጅግ ውስጥ በአንድ የጥንታዊ ዕቃ ሰብሳቢ እጅ ተገኘ፤ ወደ አገሩም የተመለሰው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው። በአውጫጭኝ ዘመን ሌባው ሳይገኝ ሲቀር ዕዳውን የሚከፍለው የተሰረቀበት መንደር ነበር፤ መስቀሉ ሲመለስም በወቅቱ እንደ ተዘገበው ለሰብሳቢው 25,000 ዶላር ተከፍሎታል።