ከቁራኛ እስከ ካርድ

ጎተራ ማሳለጫው አጠገብ ታክሲ ስትጠብቁ የሰፈሩን ስም ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? ስሙ የመጣው እዚያ ከነበረው የእህል ማከማቻ ነው። ጎተራ ማለት ያስገባኸውን እህል በቸገረህ ቀን የምታወጣበት ነው። የአብዛኞቻችን የባንክ ካርድም እንደዚሁ ትንሽ ጎተራ ነው፤ ያስገባነውን ብቻ ይሰጠናል። ዴቢት ካርድ ይባላል። ክሬዲት ካርድ ግን ሌላ ነው፦ ዛሬ ከሰው ጎተራ በልቶ ወር ሲደርስ መመለስ። ታዲያ ባለጎተራው እንደምትመልሱ በምን ያውቃል?

ጥያቄው ከካርድ በጣም ይቀድማል። በድሮዋ ኢትዮጵያ አንዱ መልስ ቁራኛ ነበር። አበዳሪና ተበዳሪ ዕዳው እስኪከፈል ወይም ዋስ እስኪገኝ ድረስ በሰንሰለት ወይም በልብሳቸው ጫፍ ተቆራኝተው ይውላሉ። አገራችንን የጎበኙ የውጭ ተጓዦች ይህን ጽፈውታል፣ ፎቶም አንስተውታል። ሥርዓቱ ቢቀርም ቃሉ አልቀረም፤ ዛሬም ሰውን «በዓይነ ቁራኛ» እንጠብቃለን።

በምህንድስና ዓይን ካየነው ቁራኛ ይሠራል፣ ግን ውድ ነው። አንድ ዕዳ ለመጠበቅ ሁለት ሰው ሥራ ይፈታል! ስለዚህ የብድር ታሪክን እምነትን የማርከሻ፣ ማለትም በትንሽ ወጪ የመተማመኛ፣ ዘዴ ፍለጋ አድርጋችሁ ልታዩት ትችላላችሁ።

እቁብን እንውሰድ። 12 ሰዎች በየወሩ 1,000 ብር ቢጥሉ፣ መጀመሪያ ዕጣ የደረሰው 12,000 ብር ይወስዳል። ከዚህ ውስጥ 11,000ው የሌሎቹ ገንዘብ ነው፤ ስለዚህ እሱ ተበዳሪ ነው። መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ደግሞ፣ ሳይታወቀው፣ አበዳሪ ሆኖ ከርሟል። ወለድ የለም። ሰንሰለቱ ዋስና ይሉኝታ ነው። የሱቅ ዱቤ ደብተርም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ ባለሱቁ እናታችሁን ያውቃታል። ችግሩ ሰፈር የቀየራችሁ ቀን ነው። አዲሱ ባለሱቅ ማን መሆናችሁን በምን ያውቃል?

ባንክ ሌላ መልስ ይዞ መጣ። አፄ ምኒልክ በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክን አዲስ አበባ ላይ መርቀው ከፈቱ። ባንክ ግን የሚያምነው ሰውን ሳይሆን መያዣን ነው፤ ቤት ወይም መኪና ይጠይቃል። የመጀመሪያ ደሞዙን ለሚጠብቅ ወጣት ይህ በር ዝግ ነው።

በአሜሪካ ሌላ ሙከራ ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1950 ዳይነርስ ክለብ የምግብ ቤት ሒሳብ በወር መጨረሻ የሚከፈልበት የወረቀት ካርድ አወጣ። በ1958 ደግሞ ባንክ ኦፍ አሜሪካ በፍሬስኖ ከተማ 60,000 ካርዶችን ማንም ሳይጠይቀው በፖስታ ላከ። መያዣ አልጠየቀም። ብዙዎች አልከፈሉም፣ አጭበርባሪም በዛ፤ ባንኩ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ከሰረ። ያ ካርድ ግን ኋላ ቪዛ ሆነ።

ካርዱ ላይ ያሉት ቁጥሮችም ተራ ቁጥሮች አይደሉም። የአይቢኤሙ መሐንዲስ ሃንስ ፒተር ሉን በ1950ዎቹ የቁጥር ስህተት መያዣ ዘዴ ፈጠረ። በ2741 እንሞክረው። ከቀኝ ጀምራችሁ ሁለተኛውንና አራተኛውን አሃዝ በ2 አባዙ፤ ውጤቱ ከ9 ከበለጠ 9 ቀንሱ። 1 + 8 + 7 + 4 = 20። ድምሩ ለ10 ያለ ቀሪ ከተካፈለ ቁጥሩ ትክክል ነው። 4ቱን በስህተት 5 ብትሉት ድምሩ 13 ይሆናል፤ ማሽኑ ወዲያው ይነቃል። በራሳችሁ ካርድ ሞክሩት፤ ግን ወረቀት ላይ ብቻ፣ ወረቀቱንም ቅደዱት።

እኛ ጋ ንግድ ባንክ የመጀመሪያዎቹን ኤቲኤሞች አዲስ አበባ ላይ የተከለው በ1993 ዓ.ም. ግድም ነው። ያኔ የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ማሽን አይሠራም ነበር፤ ባንኮቹን ያገናኘው ኢትስዊች ሥራ የጀመረው በ2008 ነው። ያለ ቤትና መኪና መያዣ የመበደሩ ነገር ግን ብዙዎቻችን ጋ የደረሰው በካርድ ሳይሆን በስልክ ነው። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር «ቴሌብር መላ» እና «እንደኪሴ» የተባሉ የብድር አገልግሎቶችን ጀመረ። እዚህ የሚያውቃችሁ ባለሱቁ ሳይሆን የገንዘብ ዝውውራችሁ ታሪክ ነው።

በካርድም ሆነ በስልክ የመጀመሪያ ብድራችሁን ስትወስዱ ይህን ስሌት አስታውሱ። 1,000 ብር በወር 5 በመቶ ወለድ ወሰዳችሁ እንበል። ሳትከፍሉ ብትቀሩና ወለዱ ወለድ እየወለደ ቢሄድ፣ በዓመቱ ዕዳው 1,796 ብር ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ወለዱ በቀን ነው በወር? የአገልግሎት ክፍያው ስንት ነው? ቀኑ ቢያልፍስ ምን ይጨመራል?

ዛሬ ከአበዳሪያችሁ ጋር በነጠላ ጫፍ የሚያስራችሁ የለም። መዝገቡ ግን አለ፤ የብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል የተበዳሪዎችን ታሪክ ይይዛል። ከባለሱቁ ደብተር የሚለየው ሰፈር ስትቀይሩ አብሯችሁ መሄዱ ነው። በጊዜው ከከፈላችሁ ይህ መልካም ዜና ነው፤ ካልከፈላችሁ ደግሞ ያው ዓይነ ቁራኛ ነው።