አስናቀች ወርቁና የቴአትር ሴቶቻችን



ስለ አንዲት የቴአትር ሰው ልንጽፍ ነው ብንል ዳኛችን «ከዕድር ጋር ምን አገናኘው?» አሉን። ያገናኘዋል።

ማታ ማታ ድራማ ስናይ እናት፣ ጎረቤት ወይም የቤት ሠራተኛ ሆና የምትመጣዋን ሴት ፊቷን እናውቀዋለን። ስሟን ግን እንጃ፤ «ያቺ እንኳ፣ የልጁ እናት የምትሆነዋ» እንላለን። ይህም ቦታ ቢሆን ለሴት በቀላሉ አልተገኘም። ቀድሞ በአገራችን ቴአትር ሴት ሆኖ የሚጫወተው ወንድ ነበር። ጢም ያላበቀለ ጎረምሳ ይፈለግና ቀሚስ ይለብሳል፣ ሻሽ ያስራል። ይህ መለወጥ የጀመረው አስናቀች ወርቁ በ1945 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ላይ መድረክ ስትወጣ ነው። እናቷ በልጅነቷ ሞታባታለች፤ ያኔ ለቴአትር ሴት የሚሰጠው ስም ደግሞ ስድብ ነበር።

በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ፤ ኋላ ብሔራዊ ቴአትር የተባለው ማለት ነው። እሷም ከዚያ ቤት እስከ ጡረታዋ ሠራች። በ1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥን ሲጀመር፣ «ሂሩት አባቷ ማነው» የተባለው ፊልምም በዚያው ሰሞን ሲወጣ፣ ሴት ተዋናይ ማየት ያን ያህል እንግዳ አልሆነም፤ መድረኩ አስለምዶት ነበርና። ክራሯ ደግሞ ባሕር ተሻግሮ በ1995 ዓ.ም. ገደማ በፈረንሳይ አገር የ«ኢትዮፒክስ» 16ኛ ቅጽ ሆኖ ታትሟል።

እኛ ከሰበታ ሄደን ብሔራዊ ቴአትር የገባነው በ1970ዎቹ ነው። መመለሻ አውቶቡስ እንዳያመልጠን ብለን መጨረሻውን ሳናይ የወጣንበት ቀን ነበር፤ እስከ ዛሬ ይቆጨናል።

ወደ ዕድሩ እንምጣ። ቀድሞ በነበርንበት ዕድር፣ በቴአትር ትንንሽ ቦታ እየተሰጣት የኖረች አንዲት ሴት ልመዝገብ ብላ መጣች። የመግቢያውን ገንዘብ በመሐረብ ቋጥራ ይዛለች። አንድ ሽማግሌ «ለአዝማሪ ድንኳን አንተክልም» አሉ። የሳቀም ነበር። ቃለ ጉባኤ የምንይዘው እኛ ነበርን፤ «ጉዳዩ ለሌላ ጊዜ ተላልፏል» ብለን ጻፍን። ያ ሌላ ጊዜ አልመጣም።

አስናቀች በመስከረም ወር 2004 ዓ.ም. ዐረፈች። ዜናው እንደተሰማ እኚያው ሽማግሌ ስልክ ደወሉልን፤ «አይ አስኒ! እንደሷ ክራር የሚመታ ከየት ይመጣል?» እያሉ ድምፃቸው ተቆራረጠ። ያቺን ሴት ያስታውሷት እንደሆነ ጠየቅናቸው። አስታወሷት፤ ስሟን ግን አላወቁትም። እኛም ቃለ ጉባኤው ላይ አልጻፍነውም ነበር።