ስለ ካራቴ ፊልም ሴቶች፦ የዘገየ እርማት

ወዳጆቼ፣ በተለይ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ አንድ ዕዳ ልክፈል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ክፍል ውስጥ ከትምህርቱ ወጣ ብለን ስለ ፊልም ስናወራ፣ ካራቴ ፊልም ላይ ሴት ዋና ተዋጊ ሆና የመጣችው በቅርቡ ነው፣ ያው ከ«ክራውቺንግ ታይገር» ወዲህ፣ ብያችሁ ነበር። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ አባቴ ጋ ያለው አሮጌ ፊልም ላይ ጎራዴ የያዘችው ሴት ናት» አለች። ሳቅ ብዬ አለፍኳት፤ ክፍሉም ሳቀ። የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ።

እኛ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣበን ያደግን ልጆች የቻይና ፊልም ከብሩስ ሊ የሚጀምር ይመስለናል። ግን ብሩስ ሊ ሳይወለድ፣ እ.ኤ.አ. በ1929፣ ሻንጋይ ውስጥ «ሬድ ሂሮይን» የሚባል ድምፅ አልባ ፊልም ወጥቷል። ወራሪ ጦር ከመንደሯ የጠለፋት የገጠር ልጅ አንድ መነኩሴ ያድናታል፣ ሦስት ዓመት ያስተምራታል፣ ከዚያ ለበቀል ትመለሳለች።

ይህች ሴት ከሰማይ አልወረደችም። ቤጂንግ ኦፔራ ውስጥ ሴት ተዋጊ ራሱን የቻለ የገጸ ባሕርይ ዓይነት ነው። የሚገርመው፣ ሴቶች መድረክ እንዳይወጡ በተከለከሉበት ዘመን እሷን ሆነው የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ጀግናዋ ትወደዳለች፣ ሴቷ ግን መድረኩ ላይ የለችም!

እንግዲህ ዳይሬክተሩ ኪንግ ሁ እ.ኤ.አ. በ1966 ሆንግ ኮንግ ውስጥ ለሻው ብራዘርስ «ካም ድሪንክ ዊዝ ሚ»ን ሲሠራ፣ ዋናውን ቦታ የሰጠው ባሌ ዳንስ ለተማረችው ለቼንግ ፔይ-ፔይ ነው። ገና 20 ዓመት ገደማ ናት። «ጎልደን ስዋሎው» የምትባል ባለ ጎራዴ ሆና፣ በሽፍቶች የተያዘ ወንድሟን ለማስፈታት ወንድ መስላ ማረፊያ ቤት ትገባለች። ሽፍቶቹ ይከቧታል። እሷ ዝም ብላ ተቀምጣለች። ያ ዝምታ ራሱ ያስፈራል፤ የድብድቡ ምትም ከኦፔራው ከበሮ የመጣ ነው። (እውነቱን ለመናገር፣ እዚህም የመጨረሻውን ፍልሚያ የሚወስደው ሰካራሙ ጓደኛዋ ነው።)

ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ። እዚያው ሻው ብራዘርስ ውስጥ ቻንግ ቼ የሚባል ዳይሬክተር ነበር፤ የቻይናን ፊልም ሴቶች ሞልተውታል፣ ወንድነት ይግባበት ባይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 «ዋን-አርምድ ስዎርድስማን»ን ሠራ፣ ገበያው ጦፈ። የጀግናውን ክንድ የቆረጠው ማን መሰላችሁ? የመምህሩ ሴት ልጅ! በዓመቱ ደግሞ ቼንግ ፔይ-ፔይን መልሶ «ጎልደን ስዋሎው» የሚል ፊልም አወጣ። ስሙ የእሷ ነው፣ ታሪኩ ግን በጂሚ ዋንግ ዩ ዙሪያ ይሽከረከራል። በስሟ በተሰየመ ፊልም ላይ እንግዳ ሆነች።

ሁሉም አልጠፉም፤ አንጀላ ማኦ እ.ኤ.አ. በ1972 «ሃፕኪዶ» ላይ ዋና ተዋናይ ነበረች። በዓመቱ ግን «ኤንተር ዘ ድራጎን» ላይ የብሩስ ሊ እህት ሆና ጥቂት ደቂቃ ተዋግታ ትሞታለች። እዚያው ፊልም ላይ ጥቁሩ ጂም ኬሊም ፍጻሜውን አያይም፤ ነጩ ጆን ሳክሰን ግን ይተርፋል። ያኔ ይህን ማን ልብ ብሎ!

አሁን ወደ እኔ ሐፍረት ልመለስ። ለእናንተ በማስረጃነት የጠቀስኩት የ2000ው «ክራውቺንግ ታይገር» ላይ ክፉዋን ጄድ ፎክስን የምትጫወተው ራሷ ቼንግ ፔይ-ፔይ ናት። ማስረጃው ዓይኔ ሥር ነበር። ጄድ ፎክስ የጀግናውን መምህር የገደለችው ሴት ስለሆነች ጥበቡን አላስተምርም ስላላት ነው። መጽሐፉን ሰርቃ ሄደች፤ ጽሑፉን ግን ማንበብ አትችልም፣ ሥዕሉን ብቻ እያየች ተለማመደች። ማንበብ የምትችለው ወጣት ተማሪዋ በድብቅ አልፋት ሄደች። ይህን ክፍል ባለፈው ደግሜ ሳየው ያቺ የተነሳች እጅ ትዝ አለችኝ።

እህቴ፣ ይህን ካነበብሽ፣ ልክ ነበርሽ። አባትሽ ጋ ያለው ፊልም የትኛው እንደሆነ ኮመንት ላይ ጻፊልኝ።